ከወንዙ ዳር የቀረው

የድሮ የከሰል መጋዘን ነው፣ ካርዲፍ ወደብ ዳር፤
ዛሬ በቀን ይመሽበታል፣ በሌሊት ይነጋበታል፣ ከመብራቱ ብዛት ስር።
እኔ ከጥቁሩ መጋረጃ ኋላ፣ ስሜ ከማይጠራበት፣
ኪቦርዴን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፣ ሻዬ ከቀዘቀዘበት።
ሥራዬ አጭር ነው፦ እነሱ ያዝዛሉ፣ እኔ እጫናለሁ፤
«ፈረሰኛው ይዙር» ሲሉ አዞራለሁ፣ «ይቁም» ሲሉ አቆማለሁ።

የዛሬዎቹ ጄኔራሎች ከስዋንዚ አውቶቡስ ጣቢያ ናቸው፤
አራት ናቸው፣ የፕሮግራሙ ዓርማ ያለበት ሹራብ ጠቧቸው።
ግዊሊም ሹፌር ነው፣ ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ፤
ኤልቬድ መካኒክ ነው፤ ፊቱን ፓውደር ቢቀቡት የጥፍሩ ግራሶ ፈጠጠ።
ብሮንወን ትኬት ትቆርጣለች፤ ኔሪስ ደግሞ የሌሊት ተረኛ፣
አውቶቡስ በሬዲዮ የምታሰማራ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዝምተኛ።

«ሮማውያን ናችሁ» አላቸው አቅራቢው፣ ጥርሱ ከመብራቱ ነጥቶ፤
«ሜዳው ካኔ ነው፤ ጠላት ከፊት፣ ወንዙ በቀኛችሁ ተኝቶ።»
ሰማንያ ሺህ ቀይ ነጥብ ግድግዳ ባከለው ስክሪን ላይ ፈላ፤
ምሁሩ ፈገግ አለ፣ የፊልሙን መጨረሻ እንዳየ ሰው፣ እጁን አጣጥፎ ወደ ኋላ።

«መሃሉን ግፋ!» አለ ግዊሊም። ገፋሁ። የጠላት መሃል ተለመጠ፤
እንደ ቀስት ጎበጠ፤ የእኛ ሰው እየፎከረ ከጉብጠቱ ሰመጠ።
«ያዝናቸው! ያዝናቸው!» ኤልቬድ ጠረጴዛውን ደበደበ፤
ብሮንወን ብቻ ካርታው ላይ አጎነበሰች፤ ግንባሯ ተሸበሸበ።
«ልጆች፣ ግራና ቀኙን...» አለች። የሰማት የለም።
እኔ ሰምቻለሁ። የኔ ሥራ ግን መስማት አይደለም።

በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። ክቡ ገጠመ፤ ቀዩ ከዳሩ እየተበላ ሳሳ፤
ሰሌዳው «የተረፈ፦ የለም» ብሎ ጻፈ፤ ተመልካቹ አጨብጭቦ ተነሳ።
ጩኸቱን የምለቀው እኔ ነኝ፤ ከማህደር የወጣ የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤
ባለፈው ሳምንት ሌላ ሜዳ ላይ ሞቷል፤ በሚቀጥለውም ሟች ነው።
ምሁሩ በዘንጉ እያመለከተ «ስህተታችሁ እዚህ ጋ ነው» አለ፤
ግዊሊም ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ቀልዱ እንደ ኮት ተንጠለጠለ።

ካሜራው ጠፋ። ሰዉ ወደ ሳንድዊቹ ጎረፈ።
ኔሪስ መጋረጃዬን ገልጣ ገባች፤
ከተወዳዳሪዎች ያንን የገለጠ ሰው አላውቅም።
«ያቺ ነጥብ» አለች፣ «ወንዙ ዳር ያለችው። ከጅምሩም አልተንቀሳቀሰችም።»
«ብልሽት ናት» አልኳት። «አንዳንዴ ፕሮግራሙ መንገድ ይጠፋበታል፤
ወታደሩ ድንጋይና ውሃ መሃል ይሰነቀራል፤
ትእዛዝ አይደርሰው፣ አይዋጋ፣ አይሞት። ዝም ብሎ ይቆማል።»
«ስንት ናቸው እንዲህ ያሉ?»
«ዛሬ አንድ።»

ጠጋ አለች፤ ነጥቧ መነፅሯ ላይ በራች።
«በመጨረሻው አውቶቡስ» አለች፣ «ከኋላው ወንበር አንድ ሰው አይጠፋም፤
የሰከረ፣ ያንቀላፋ፣ ወይ የሚወርድበት የሌለው።
ሹፌሩ በሬዲዮ ‹ምን ላድርገው?› ይለኛል፤
‹ጋራዥ ውስጥ ቆልፈህበት እንዳትመጣ› ነው የምለው።»

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከቀረጻ በኋላ ሜዳው ይጠረጋል፤
ለሐሙስ በረዶ የለበሰ ሌላ ሜዳ፣ ሌላ ጦር፣ ሌላ ወንዝ ይዘረጋል።
ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር። አነሳሁት።
ድንጋዩን ትንሽ ፈቀቅ አደረግሁት፤
እግረኛ በማይሻገረው ውሃ ላይ ቀጭን መስመር ሳልኩለት።
ሄደ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፤ ኋላ ሮጠ፣ ማንም ሩጥ ሳይለው፤
ጋሻውን የት እንደጣለ አላየሁም።
ከካርታው ጠርዝ ደረሰ፣ ሣሩም ሰማዩም አልቆ ግራጫ ብቻ ካለው።

«ከዚያ ወዲያስ?» አለች።
«ከዚያ ወዲያ የሠራነው የለም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሹራቡን አውልቃ ወንበሬ ላይ አጠፈች፤
«መኪና ማቆሚያው ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አለች።