ድሮ ሲኒማ የነበረበት

አውሮፕላኑ አልወረደም፤ ምድር ናት የወጣችው፤
ኤል አልቶ፣ ከደመና በላይ ቆማ፣ በመዳፏ ተቀበለችው።
ደረጃውን ሳልጨርስ ትንፋሼ ጥሎኝ ሄደ፤
ልቤ፣ እንደተቆለፈበት ሰው፣ ደረቴ ውስጥ ተንጎደጎደ።

የቆላ ሰው ነኝ፤ ከትሪኒዳድ፣ ከወንዙ ዳር፤
አየሩ እንደ አጥሚት ወፍሮ በማንኪያ ከሚበላበት አገር።
እዚህ ቢምጉት ቢምጉት ጉሮሮ አይደርስም፤ ቀጭን ነው፤
የስስታም ቤት ሾርባ ነው።

ትከሻዬ ላይ፣ በመረብ አልጋ ጠቅልዬ፣ ብረት ተሸክሜያለሁ፤
የእናቴን የስፌት መኪና። እግሩን ጎርፍ ወሰደው፤ ጭንቅላቱን ይዤ መጣሁ።
ለእህቴ ነው፤ «ለኤሉቴሪያ ይሁን» ብላ ተናዛለች፤
እህቴ ከቤት ስትወጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤
አድራሻዋን በሲጋራ ወረቀት ላከች፤ ከዚያ ዝም አለች።

የሚኒባስ ረዳቶች የማላውቀውን ሰፈር ስም እየዘመሩ ያልፋሉ፤
አንዱን እንኳ ባውቀው ዘልዬ በገባሁ፤ ሁሉም «ና» ይላሉ።

ታክሲ ነጂው ወጣት ነው፤ በጥርሱ ስንጥር ይዞ
ወረቀቴን ተቀበለኝ፤ አነበበው፣ ፊቱ ፈዞ፦

«ሲኒማው ከነበረበት ሁለት ደጃፍ ወደ ላይ፣
አንኳኳ፤ ደወል የለም፤ ሰማያዊ በር ስታይ።»

«የምን ሲኒማ?» ስልኩን ነካካ፤ ካርታው አያውቅም፤
ካርታ ሙት አያስታውስም።
«በዚያ ላይ ቁልቁለቱ ዝግ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎች
አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ደርድረው ተቀምጠዋል፣ ከነልጆች፣ ከነድስቶች።
በገመዱ ውረድ» ብሎኝ በሩን ዘጋ።
አሥር እርምጃ፣ እረፍት፤ አሥር እርምጃ፣ እረፍት፤ ደረስኩ ሰልፉ ጋ።

የመስታወት እንቁላል ነው፣ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ፤
ስምንት ሰው፣ ጉልበቱ ተነካክቶ ዓይኑ እየተገለለ።
ከዚያ ጠርዙን አለፍን።
ምድር ከሥራችን ተነጠቀች፤
ከተማይቱ በገደሉ አፍ፣ እስከ ጉሮሮው፣ ተጠቀጠቀች።

የተገለበጠ ሰማይ ልል ነበር፤ ተውኩት፤ አይደለም፤
ሰማይ ላይ ካልሲ አይሰጣም፤
ሰማይ ላይ ውሻ ጣሪያ ወጥቶ የሚያልፈውን አይዘልፍም፤
መስኮቷ ላይ ጸጉሯን የምታበጥር ሴት ቀና ብላ አታይህም።

ፊት ለፊቴ አንዲት እመቤት፤ ሁለት ጉንጉን፣ ጠባብ ባርኔጣ፤
ጉልበቷ ሥር ውርጭ ያደረቀው ድንች፣ ለነገ ገበያ ሊወጣ።
«ምንድን ነው እሱ? ሬሳ ነው?»
«የስፌት መኪና።»
«ይሻላል» አለች፤ «ሬሳ መስፋት አይችልምና።»

ማንበብ አታውቅም፤ አነበብኩላት። ሳቀች፤ የወርቅ ጥርሷ በራ፦
«እሱ ሲኒማ! ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ጃንጥላ እንይዝ ነበር፣ ተራ በተራ።
ዶን ኤርሞሄኔስ፣ ማሽነኛው፣ ሲጠጣ ፊልሙን ከጭራው ይጀምራል፤
መጀመሪያ ይጋባሉ፤ ከዚያ ይጣላሉ፤ መጨረሻ ላይ ሰውየው ‹ስምሽ ማነው?› ይላል።
አሁን ባልዲ ይሸጡበታል።
ሲኒማውማ የለም። ቦታው ግን የት ይሄዳል?»

ዶኛ ሳቱርኒና ነው ስሟ። የራሷን ጣቢያ አሳልፋ ከእኔ ጋር ወረደች፤
የመረቡን አንድ ጫፍ ያዘች።
ደረጃ፣ ደረጃ፣ ደረጃ። ትንፋሼ ባጠረ ቁጥር ትቆማለች፤
ደክሞኛል አትልም፤ ደክሞሃል አትልም፤ ባርኔጣዋን ታቃናለች።

ባልዲ፣ ቀይ ባልዲ፣ ብጫ ባልዲ፣ በጨለማ የተነባበረ፤
አንድ ደጃፍ፤ ሁለት ደጃፍ። በሩ አረንጓዴ ነበረ።
«ሰማያዊ ነው የሚለው» አልኳት።
በጥፍሯ ፋቀችው፤ ከሥሩ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል፤
ሰማያዊ ይሁን ጥቁር፣ በዚያ መብራት ማን ይለያል?

በድንጋይ አንኳኳን። «ማነው?» አለ ድምፅ ከውስጥ፣ ሻካራ፤
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ አይደለም። አፌን ከፈትኩ፣ ስሜን ልጠራ፤
አየር የለም። ደግሜ ልጠራ፤
የለም።
ሳቱርኒና ገላመጠችኝና፣
«የስፌት መኪና!» ብላ ጮኸች፤ «የስፌት መኪና!»