የሙርታዝ አገጭ

ባቱሚ ላይ ዝናብ፣ ከንጋት ጀምሮ፣
የወደቡ ክሬን በጉም ተሰውሮ፤
ሞተር ጠጋኝ ባሌ ሥራ ፈቶ ዋለ፣
«በይ ሳዪኝ እንግዲህ» ወንበር ስቦ አለ።
የልጄን ታብሌት፣ ጥጉ የነቃውን፣
ከጉልበቴ ላይ አርጌ ጨበጥኩት ብዕሩን፣
እንደ ዓሣ ሙልጭልጩን።

የቆዳን ቀለም ፈለግሁ፤ አንድ ብቻ መስሎኝ።
የለም! ጉንጩን ትክ ብዬ ሳየው፣ ቀስ እያለ ታየኝ፦
ካይኑ ሥር ሐምራዊ፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ቀላ፣
ካገጩ ሥር አረንጓዴ —
አረንጓዴ! ሠላሳ አንድ ዓመት ፊት ለፊቱ ስበላ፣
ዓይኔ ያን ሁሉ ማታ ምን ያይ ኖሯል ሌላ?
ቅንድቡ ሸሸብኝ። ነካ፤ ወደ ኋላ።
አፍንጫው ድንች ሆነ። ነካ፤ ወደ ኋላ።
(ለምላሴም እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖራት፣
ስንቱን ቃል በመለስኩ፣ ሳይበርድ እራት።)

ማክቫላ ከኩታይሲ ደውላ፣ «ገልብጠሽ እዪው፤ ግራው ቀኝ ሲሆን
ስሕተትሽ ይታይሻል» አለች። እውነቷን።
ገለበጥኩት፤ አገጩ ወዳንድ ጎን ተንሸራቶ፣
ከፊቱ ሊወርድ ነው፣ እንደ ሰካራም ካልጋ ተገፍቶ።
አቃናሁት። ካፍንጫው ትክክል አመጣሁት።
አማረ።
ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁት።

ሙርታዝ መነጽሩን ሰክቶ አንገቱን አሰገገ፤
«ሸጋ ነው» አለና ጥቂት አፈገፈገ፤
«ይሄ ሰው እድለኛ፣
የጀልባ ገመድ ተበጥሶ መንጋጋውን ያልሰበረው፤
ማነው? የማን ጓደኛ?»

ወደ ኋላ። ወደ ኋላ። ወደ ኋላ።
አጥንቱ እንደገና እስኪሰበር ድረስ ቁልፉን ነካካሁት።
«አትነቃነቅ» አልኩት።