ጉርድ ፎቶ

ካሜራዬን ገዛሁ ከሠርግ አንሺው እንየው፤
«ሺህ ሙሽራ አይቷል፣ እስቲ አንተም እየው»
ብሎ ነው የሰጠኝ፣ ማንገቻው ተልጦ፣
ሌንሱ ከጥጉ ላይ ጥቂት ተቧጭጦ።

ሳምንቱን ፋብሪካ ደመወዝ እሠራለሁ፣
ቅዳሜ ከሰዓት ብርሃን አድናለሁ።
አዳኝ ከተባልኩኝ፤ እስከ ዛሬ ያገኘሁት
አንድ የቆመ ባጃጅ፣
ሦስት ባዶ ቅርንጫፍ፣ ወፉ የበረረበት፣
ሚስቴንም አንስቻለሁ፣ ልክ ዓይኗን ስትጨፍን።

«ሐይቁ ዳር ሙዚየም ተከፍቷል» ሲሉኝ
አክሊልና ብራና በሕልሜ መጡብኝ።
ሌት መብራት አጥፍቼ፣ ፊልም ሳላጎርስ፣
ሻማ ፊት ቀጭ ቀጭ፣ እጄ እስኪለሰልስ።
«ጅብ እንኳ ይተኛል» ትለኛለች ሚስቴ።
ሠላሳ ስድስቱን እንደ ደመወዝ አከፋፈልኩ፦
ዐሥሩን ለዘውዱ፣ ስምንቱን ለብራናው፣
አምስት ለጦር ለጋሻው፣ የቀረው ለጣናው።

መግቢያው አምስት ብር ነው፣ ለካሜራ ሃያ።
ወይዘሮ ትርፌ ናት ደረሰኝ የምትቆርጠው፣
ማህተሙን በትንፋሿ አሙቃ የምትመታው።
ገባሁ። ከግድግዳው ላይ የቀይ ቀለም ጽሕፈት፦
«ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።» ተመለስኩ በፍጥነት።
«ሃያ ብሬስ ታዲያ?»
«እሱ ለመያዝ ነው፣ ለማንሳት መች አልን?»
አለችኝ፣ ሳትስቅ፣ እስክሪብቶዋን እየከደነች።

ለማየትስ ቢሆን፣ ምን ነበር የሚታይ?
ባዶ ቀይ ከፋይ፣ ወረቀት ከላዩ ላይ፦
«ዘውድ። ለጥገና ወጥቷል።»
መቼ እንደሚመለስ አይልም።
ብራናው ላስቲክ ለብሷል፣ ጣራው ስለሚያፈስ፤
አምፖሉ ይጠቅሳል፣ ነገር እንደሚያስታውስ።
የጉማሬ ራስ ቅል አለ፣ ጥርሱ የሲሚንቶ።
ከሁሉ ገዝፈው ግድግዳውን የሞሉት
ሪባን የቆረጡት ባለሥልጣኖች ናቸው፣
ሰባቱም በየፍሬሙ፣ ሰባቱም በየስማቸው።

መጨረሻው ክፍል ታንኳ አለ፣ የደንገል፣
«ጥንታዊ። ሠሪው ያልታወቀ» የሚል
ካርቶን ተሰክቶበት። ጎንበስ ብዬ ሳይ
ጥበቃው ሙሄ ሳቀ ከወንበሩ ላይ።
«አምና በግንቦት እኔ ነኝ ያሰርኩት።
ደንገል ዓመት አይደፍንም፣ ይበሰብሳል፤
ይሄም ጀምሯል፣ እስቲ ጠጋ ብለህ አሽትት።
ሦስተኛው ጥንታዊ ነው፤ ሲያልቅ እተካለሁ፣
ካርቶኑ ብቻ ነው የቆየው።»

ከዚያ ድምፁን ቀንሶ ግራ ቀኝ አየና፣
«ጉርድ ፎቶ ትችላለህ?» አለኝ፣
«መታወቂያዬ ጊዜው አልፏልና።»

ወጣን። በርጩማ፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፤
ከጀርባዬ ሐይቁ፣ ፔሊካኖች በመደዳ፣
ያ ሻማ ፊት የለመንኩት ብርሃን
ያለ ደረሰኝ መጥቶ ደጁ ላይ ተነጥፏል።
«ወደ ሐይቁ ዙርልኝ።»
«ኧረ ሐይቁ ይቅር!
ጆሮዬ ይታይ፣ ሁለቱም፤
ቀበሌ ጆሮ ነው የሚቆጥር።»
የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ። ትንፋሹን ያዘ።
ቀጭ።

ሠላሳ አምስቱን ይዤ ገባሁ፣ በእግሬ፣
መንገዱን ሙሉ እያሰላሁት ሃያ ብሬን።

ፊልሙ ሲታጠብ፣ እንደ ልማዴ ርቄያለሁ፤
ፊቱ አንሷል፣ ቀበቶው፣ ጉልበቱ ሳይቀር ገብቷል።
እንየው ተራገመ። አራት አትሞ
ከደረት በላይ ያለውን በመቀስ ለየ።
ለሙሄ አደረስኩለት። ቀበሌው ፊቱን ወሰደ፣
ማህተም መታበት፣ ቀለሙ በጉንጩ ወረደ።

ከመቀስ የተረፈው አንዱ ቁራጭ እኔ ዘንድ ነው፣
ከደመወዝ መዝገቡ፣ ከነሐሴው ገጽ መሀል፦
ሁለት እጅ፣ ጉልበት ላይ ያረፈ፣
ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ፣ አውራ ጣቱን ገመድ የበላው።
ቁጥር ሲምታታብኝ ገልጬ አየዋለሁ።

«የማን እጅ ነው?» አለች ሚስቴ አንድ ማታ።
«የሠሪው።»
«ፊቱስ?»
«ቀበሌ ነው።»