ምክንያት (በአጭሩ)

ቅጹ ላይ ያለችው ባዶ ቦታ ጠባብ፣
አንድ መስመር ብቻ፣ ከሥሯ ነጠብጣብ።
«ምርጥ ዘር ያልወሰዱ አርሶ አደሮች ዝርዝር፤
ምክንያት (በአጭሩ)።»
                    አጭር? እሺ፣ እንሞክር።

ድሬዳዋን ትቼ፣ ሞተሬን ዳገት ለዳገት እየገፋሁ፣
ቢዮ አዋሌ ደረስኩ፤ ኦቦ አሜን ማሳው ዳር አገኘሁ።
ዘሩን በእፍኙ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣ፤
አሸተተ፣ ነከሰ፣ ወደ ከረጢቴ መለሰው፣ አንድ ፍሬ እንኳ ሳይረሳ።

«ቁመቱ ስንት ነው?» አለ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አሳየሁት፤
«ፈጥኖ ይደርሳል» ብዬ፣ ወረቀቱ የሚለውን ነገርኩት።
«እሺ፣ እህሉስ ደረሰ። አገዳው ግን የታል?
በሬዬ በጋውን ምን በልቶ ይከርማል?
ምድጃው በምን ይነዳል? አጥሩስ በምን ይታጠራል?
ደግሞ አንድ ማሳ ብቻውን ቀድሞ ሲያሸት፣ ግሪሳው
ከኤረር ድረስ ሰምቶ ይመጣል፤ የኔው እርሻ ነው ምሳው።»

ይቅር ይበለኝና፣ አምናስ ወስዶ ነበር።
ዘሩ መጋዘን ውስጥ ፊርማ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ደረሰ ዝናሙ ሲሰወር።
በቀለ፤ አንድ ጣት አከለ፤ ከዚያ ቢጫ፤ ከዚያ አቧራ።
ዕዳው ግን አልደረቀም። አስመላሹ በቀጠሮው መጣ፣ ስሙን እየጠራ።
ሁለት ፍየል ሸጠ፤ አንዷ ያረገዘች ነበረች፤
ስትጎተት ዞራ አየችኝ፤ እዚያው ዓይኔ ውስጥ ቀረች።

ማዶ ፓምፕ አለ፣ የማኅበሩ፣ በሸራ ተገንዞ።
አንዲት ጓርኒሲዮን ተቃጥላ፣ ቀፊራ የለችም፣ ታይዋን የለችም፤ ቆመ፣ ወንዙን እያየ ተክዞ።
አሁን ዶሮ ዕንቁላል ትጥልበታለች፤
እሷስ ቢያንስ ጥቅሙን አግኝታለች።

ሥልጠናው ላይ የተጠራው አሜ ነው፤ ፈርሞ፣ አበሉን ይዞ መጣ።
የምታርመው ዘይቱ ናት፣ ወፍ የምትጠብቀው፤ ስሟ ግን በኔ ዝርዝር ላይ አልወጣ።
ወረቀቱን ሰጠኋት። አማርኛ ነው። ፊደሉን በጣቷ ዳስሳ፣
«የኛ ማሽላ ኦሮምኛ ነው የሚሰማው» አለችኝ፣ መልሳ።

ከማሳው ጫፍ የጫት ረድፍ አለ። መኪናው ሳይነጋ ይደርሳል፤
ብሩ እጅ በእጅ ነው። የኔ ከረጢት ግን «ለከርሞ» ይላል።

ልሄድ ስል፣ አሜ የሞተሬን እጀታ ያዘ፤ ድምፁ ዝቅ አለ፦
«ልጄ፣ አትቀየመኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ።
ዘሩ ያልበቀለ ዕለት፣ ይቀነሳል ወይ ደሞዝህ?»

ዝም አልኩ።
የአባቱ ማሽላ ከራሴ በላይ ቆሞ ይንኮሻኮሻል።
እሱም መልስ አልጠበቀም፤ እጀታውን ለቀቀልኝ፤ «መሽቷል።»

ማታ ቢሮዬ ገባሁ፤ የቀኑ ሙቀት ከግድግዳው ገና አልወጣም።
ብጽፍ፣ ብሰርዝ፣ ያቺ መስመር አገዳውን አታቅፍም፤
ፍየሏን፣ ግሪሳውን፣ ሸራውን፣
የዘይቱን ጣት አትችልም።
ሁሉም የሚጽፋት ቃል አለች፣ አለቃዬም የሚወዳት፦
«የግንዛቤ እጥረት።»
                    ጻፍኳት።
የማን እንደሆነ ግን አልጠቀስኩም፤
ቦታው አልበቃኝም።