ምራቂ

የማሽኑ መከለያ ከወለቀ ወር አልፎታል፤
«ይጠገን» የሚል ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል።
ይህን እያወቅሁ ነው፣ የሩቅያን ጣቶች በበላ ማታ፣
ትከሻዬን አለቃዬ ሲያደርገው መታ መታ፣
«በራሷ ግዴለሽነት» ብዬ የጻፍሁት።

ቀኝ እጇ በፋሻ ነበር፤ በግራ አውራ ጣቷ ፈረመች፤
ምን ይላል ሳትል «አላህ ይስጥህ» ብላኝ ወጣች።
«ልጆች አሉኝ» አልሁ ለራሴ። እሷስ የማን ልጅ ነበረች?

ትናንት ሐረጎን ወጥቼ፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣
ጦሳ ጉሙን ለቆብን ሰው ከሰው በድምፅ ሲለያይ፣
ሽንኩርት ስመርጥ አየሁት፣ ሦስት ጣት የቀረለትን እጅ፣
ሚዛን ሲይዝ፣ ብር ሲቆጥር።
«የኮምቦልቻው ጋሼ!» አለች። ሳቀች።
መዝና ካበቃች በኋላ ሦስት ራስ ምራቂ ጣለች፤
«ለልጆቹ» አለች።

መብት ቢሯችን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤
ግን ወረቀት እጅ የለውም፣ የሰው እጅ ይፈልጋል።
የእኔ አምስቱም በቦታው ነው።

በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ሚኒባሱ ሲያጋድል፣
ሽንኩርቶቹ ከዘንቢሌ አምልጠው ሰው እግር ሥር ተበተኑ፤
ጎንበስ ብዬ ለቀምሁ።
የመሳቢያው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው።
ደብዳቤው ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣
የእኔም ፊርማ፣ «ደርሶኛል» ከሚለው በታች።