ሚስማሩ

ለገና አልመጣሁም፤ ቤት ልሸጥ ነው እንጂ።
ስንቅነሽም ፈርማለች፣ የቤቱ ታላቅ ልጂ።
በሩ እንደ ድሮው ነው፣ በግፊያ አይበገር፣
አቅፈው እንደ ሕፃን ብድግ ካላረጉት በቀር።
አነሣሁት፤ ገባሁ።

መብራት የለም ዛሬ። ጨለማው ይሸታል ያንኑ የጥንት አመድ፣
የበርበሬ ጆንያ፣ የጭነት ገመድ።
ካፖርቴን አውልቄ፣ የት ላኑረው ብዬ ከቆምሁበት፣
እጄ ቀድሞኝ ሄዶ ሰቀለው፣ ዝቅ ብሎ፣ ከሚስማሬ አንገት።
አባቴ ነው የመታው በሰባት ዓመቴ፣ ለክቶ በቁመቴ፤
እሱ አላደገም፣ መሬት ለመሬት ተጎተተ ካፖርቴ።
ብቻዬን ሳቅሁ።

ግድግዳው ተመታ። «ማነው እዚያ?»
«እኔ ነኝ፣ እትየ ጥሩወርቅ።» «እኔ ማን?» «የማንደፍሮ።»
ዝም አለች። ቆይታ፣ ፍም በገል ይዛ መጣች በጓሮ።
«በልደት ዋዜማ ምድጃ ጦሙን አያድርም» አለች፣
«ደግሞ ከስተሃል» አለች፣
አመዱን ገለጥ አርጋ ፍሙን አስቀመጠች።

የቀሐ ኢየሱስ ከበሮ ሲሰማ ደላላው ደወለ፦
«ነገ እንምጣ ወይ?» «ነገማ በዓል ነው።» «ከነገ ወዲያስ?» አለ።
ልመልስለት ስል ፍሙ ፈካ።
ከሚስማሬ ጎን ሌላ አለ ለካ፣
ትንሽ ከፍ ያለ፣
እኔ የረሳሁት።

ስልኩን ዘጋሁበትና ደወልሁ ለስንቅነሽ፦
«ነገ ነይ። ባዶ ነው ሚስማርሽ።»