ከማስታወቂያው በኋላ

ኮምቦልቻ፣ ከጎሚስታው ጎን፣ ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ፣
ከበሮ ይደልቃል ቴሌቪዥኑ፣ ውቅያኖስ አዝሎ።
"ሳይንስ ያልደረሰበት!" ይላል ድምፁ ተኮፍሶ፣
ብዥ ያለች ጭራ ያሳየናል፣ ቀይ ቀለበት አልብሶ።

ሃያ ዓመት በተሳቢ አሰብ የተመላለሰ
ጋሽ ይመር፣ "አይተሃታል?" ስንለው፣ ሻዩን ፉት ብሎ ተነፈሰ፦
"ግማሽ ሴት፣ ግማሽ ዓሣ አላየሁም። የማውቀው ጨዉን ነው፣
ስፖንዳዬን በዝገት ቆርጥሞ የጨረሰው።"

ቅር አለን።

"አንድ ሌሊት ግን ልታጠብ እጄ ወደ ባሕሩ ወረደ፤
ጣቶቼ ላይ ሰማያዊ፣ ጭስ የሌለው እሳት ነደደ።
'ደቃቅ ፍጥረት ነው፣ ሲነኩት ይበራል' አለኝ አጥማጁ፤
ከበሮ የመታ የለም፤ መረቡን ይጠግናል ልጁ።"

"ምስጢሩ፣ ከማስታወቂያው በኋላ..." እንዳለ ቀረ፤
መብራት ጠፋ።
በጨለማው የሁላችን ዓይን
የይመር ጣት ላይ አደረ።